አንባቢዋ ከመስታወቱ ጀርባ

ለማትጠገቢዋ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሳልሽ ለቆሽ፣ ጉልበትሽ በርትቶ፣ ምግብም እንደ ልብሽ እየበላሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል ወይስ እንደ ድሮሽ ሰው ሳይነሳ ተነስተሽ ጓዳ ለጓዳ ስትንጎዳጎጂ ነው የሚነጋው? ወገብሽስ? «ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነውና። ግን እንደዚያ ብዬ ከጀመርኩ የቀረውን መጻፍ ያቅተኛል። ስለዚህ እንደሆነው ልንገርሽ። ባለቤቴና ልጄ ደህና ናቸው። እኔ ፈርቻለሁ።

እህቴ፣ ይህን ለእማዬ የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ሁልጊዜም አንቺ ነሽ። እባክሽ እንደ ልማድሽ «ሰላም ብላሻለች፣ ናፍቃሻለች» ብለሽ አሳጥረሽ አትገላገይው። በቀን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጪና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የከበደሽ ቦታ ላይ ብታርፊ አልቀየምሽም።

እማዬ፣ ሥራዬን አንድም ቀን በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። ጎረቤት ሲጠይቅሽ «ልጄ ሰው እንዳያወራ የምትቆጣበት ቤት ነው የምትሠራው» እያልሽ እንደምትቀልጂ ሰምቻለሁ። እውነት ለመናገር እኛ ጋ ዝም የሚባልበት ቦታ ትንሽ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ሕንጻ ብቻ አይደለም። ዋናው መሃል ከተማ ነው፤ ቅርንጫፎቹ በየሰፈሩ አሉ፤ አንዱ ከገበያው ፎቅ ሥር፣ አንዱ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ሲዞር ይውላል። መጽሐፍ ማዋስ ከሥራዎቹ አንዱ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ሥራ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን የሚያስተካክልለት ሠራተኛ ያገኛል። ከቤት መውጣት ለማይችል ሽማግሌ መጽሐፉ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። ከሌላ አገር የመጣ ቋንቋ ይማራል፤ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው ምንጣፍ ላይ ተረት ይሰማሉ፤ መሰላልና መሰርሰሪያ ሳይቀር የሚያውስ ቅርንጫፍ አለን። ባለቤቴ መሰላሉን ወስዶ ሳይመልስ ከርሞ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንገቴን አስደፍቶኛል።

የእኔ ክፍል ምድር ቤት ነው። እኛ ለማያዩ ሰዎች ነው የምንሠራው። ግድግዳዋ በስፖንጅ የተሸፈነች ጠባብ ክፍል አለች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ማይክ። እዚያ ገብቼ መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ። በመስታወቱ ማዶ ድምፅ የሚቀዳው ባለሙያ ይቀመጣል፤ «ጆሮ» ነው የምንለው፤ ሆዴ ሲጮህ እንኳ ሰምቶ «ምሳ በልተሽ ተመለሺ» ይለኛል። የቀዳነው በየቅርንጫፉና በፖስታ ወደየቤቱ ይላካል። ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ድምፄን ሰምተው ደረጃ ላይ ሰላም ይሉኛል። ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መጀመሪያ የጠፋኝ ፊደል አይደለም፤ የመስመር መጀመሪያ ነው። አንዱን መስመር ጨርሼ ዓይኔን ወደሚቀጥለው ስመልስ፣ ደረጃ አለ ብሎ ባዶ እንደረገጠ ሰው እሆናለሁ። ያነበብኩትን እደግመዋለሁ፤ ወይም አንዱን መስመር ዘልዬ ሞቶ የተቀበረውን ሰውዬ ራት አስበላዋለሁ። ጆሮ እጁን ያነሳና «ከላይ እንደገና» ይለኛል። መብራቱ ነው አልኩ፤ አስቀየርኩ። መነጽሬ ነው አልኩ፤ ቀየርኩ። ድካም ነው አልኩ፤ ዕረፍት ወሰድኩ። ከዕረፍት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን የመጽሐፍ ጋሪ ሳላየው ተላተምኩና ቅልጥሜ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኮርታለች ብሎ ማውራት ጀመረ። ለካ እጁን ለሰላምታ ዘርግቶልኝ በአየር ላይ አስቀርቼበታለሁ። ፊቱን አየሁ፤ እጁን ግን አላየሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ምን ተብሎ ይነገራል? እሱም እንደተቀየመ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የመንገድ መብራት ሳይበራ ቤቴ መግባት አለብኝ። ራሴን አመመኝ እያልኩ እወጣለሁ። ከባለቤቴ ጋር አመሻሽ ላይ የምንሄድ ከሆነ ክንዱን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። እሱ ደስ ብሎት «በስተርጅና ፍቅር አገረሸብሽ ልበል?» ይለኛል። እስቃለሁ። እግሬ ግን አስፋልቱን እየፈራ ነው።

ሥራዬን እንዳላጣ ያደረግሁትን ስሚ። ጠዋት ጠዋት መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ በአጉሊ መነጽር ምዕራፉን ደጋግሜ እያነበብኩ በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ስቱዲዮ እገባና መጽሐፉን ገልጬ፣ ፊደል እንደማይ አቀርቅሬ፣ በቃሌ እወጣዋለሁ። ገጽ ማገላበጫው ሲደርስ ገጽ አገላብጣለሁ። ጆሮ አልነቃም። እንዲያውም «ሰሞኑን ደግሞ ከልብሽ ነው የምታነቢው» አለኝ። አመሰገንኩት። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ የሚቀጥለውን ምዕራፍ በሹክሹክታ ደገምኩት።

አድማጮቻችን የሚደውሉበት ስልክ አለ። ከሁሉ የምትደውለው አንዲት አሮጊት ናት፤ በወጣትነቷ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ስለዚህ ሁላችንም «እትዬ መስመር» ነው የምንላት። ዓይኖቿ ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አንድ መጽሐፍ ሰምታ ሳትተች አታልፍም። አንዴ «ሌባውን አባበልሽው፤ ሌባ እንደዚያ ለስላሳ ድምፅ የለውም» ብላኝ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሙሽራዋ ጉንፋን ይዟታል እንዴ?» ትለኛለች። ስልኳ ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል።

አንድ ቀን ደወለችና እኔን በስም አስጠራችኝ። እንደ ወትሮው ልስቅ ተዘጋጅቼ ማዳመጫውን አነሳሁ። «ልጄ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። «አዲሱን መጽሐፍ እያነበብሽው አይደለም» አለች። ምን ማለትዎ ነው አልኳት። «የሚያነብ ሰው ትንፋሹን የሚወስደው ጽሑፉ በሚያሳርፈው ቦታ ነው። አንቺ የምትወስጂው የሚቀጥለው እንዳይጠፋሽ በፈራሽበት ቦታ ነው። በቃልሽ ነው የምትዪው። ዓይንሽ ምን ሆነ?»

ዘጋሁባት። እማዬ፣ በአንቺ ዕድሜ ያለችን ሴት ስልክ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁ። ደግማ ደወለች፤ አላነሳሁም። ቀኑን ሙሉ ለኃላፊያችን ትናገራለች ብዬ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ስል ዋልኩ። አልተናገረችም። ሳትናገር ስትቀር ግን የባሰ ፈራሁ፤ ምክንያቱም አሁን እኔ ብቻ ሳልሆን ሌላ ሰውም ያውቃል ማለት ነው። ሰው ያወቀው ነገር ደግሞ እውነት ይሆናል።

በዚያ ሳምንት ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ነው አልኩት። ውስጡ እንደ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የሆነ ማሽን ፊት አገጬን አስደግፈው አስቀመጡኝ። መርማሪዋ መጫኛ ቁልፍ ሰጠችኝና «መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዩ፤ በዳር በኩል ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ይጫኑ» አለችኝ። መብራት አጠፋች። ማሽኑ «ቀጭ» አለ። ብርሃን የለም። እንደገና «ቀጭ» አለ። ምንም። አንዳንዴ አንዲት ነጥብ መሃሉ አካባቢ ትታየኝና በደስታ እጫናለሁ፤ ከዚያ እንደገና ጨለማው ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» ብቻ። በየድምፁ መሃል አንድ ቦታ ላይ እኔ የማላያት ብርሃን እንዳለች ገባኝ። ያኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ፤ ድምፁን እየሰማሁ መጫን ጀመርኩ። ከጎኑ ካለ ልጅ እንደሚኮርጅ ተማሪ።

ሐኪሙ ውጤቱን ይዘው ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። «ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ብቻ ነው የሚያሰማው፤ ብርሃን የለውም። እርስዎ ያን ጊዜም ተጭነዋል» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ የእኔ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየሞተ ነው። የሚመልሰው መድኃኒት እሳቸው ጋ የለም። መቼ እንደሚያልቅም ሊነግሩኝ አልቻሉም። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ይህ ብዙ ጊዜ በዘር የሚሄድ ነው። ከቤተሰብ መካከል ሲመሽ መሄድ የሚያስቸግረው፣ ዕቃ የሚያደናቅፈው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

የለም አልኳቸው። ዋሽቼ አይደለም፤ ያኔ በእርግጥ የለም ብዬ ነው።

ክሊኒኩ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። ቤታችን ውስጥ ወንበር ከቦታው ያነቃነቀ ልጅ ወዮለት ነበር፤ እኛ ሥርዓት ነው ብለን አደግን። ከበር ስንገባ ቃል ሳንተነፍስ በኮቴያችን ለይተሽ ትጠሪን ነበር፤ እኛ ፍቅር ነው አልን። ከመሸ ከቤት አትወጪም፤ «ብርድ አይስማማኝም» ትያለሽ፤ ሙቀቱ አላስተኛ ባለበት ወር እንኳ። በሠርጌ ቀን ከተቀመጥሽበት ሳትነሺ ውለሽ ዘመድ ሁሉ «ኮራችብን» ብሎ አማሽ። ልጄን ጨቅላ ሳለች ይዤልሽ ስመጣ፣ ፊቷን በሁለት መዳፍሽ መሃል አድርገሽ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ የጆሮዋን ጠርዝ ሳይቀር በጣትሽ ዳሰስሽ። «አባቷን ነው የምትመስለው» አልሽ። እውነትሽን ነበር፤ ቁርጥ አባቷን ነበረች። ሁላችንም አለቀስን።

እማዬ፣ ተሳስተሻል በይኝ። ብርድ ነው በይኝ። አምንሻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄን በሌላ ዓይን ነው የማያት። በላች አልበላች፣ አጠናች አላጠናች ማለቱን ትቼ፣ ስትሄድ እግሯን ነው የማየው። ቤተ መጻሕፍቱ የልጆች አዳራሽ ውስጥ በጥላ የሚሠራ ተረት ያሳያሉ፤ መብራቱ ሲጠፋ ሌሎቹ ልጆች ሲያጨበጭቡ የኔዋ ቀሚሴን ያዘች። ልጅ ሁሉ ጨለማ ይፈራል አልኩ። ማመን ግን አልቻልኩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑን መጋረጃ ጋርጄ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ምንጣፉ ላይ ጣልኩና «እስቲ ፈልጊልኝ፤ ጨዋታ ነው» አልኳት። እኔ ምንም አልታየኝም። በጥጉ ስትንፏቀቅ እሰማለሁ። «ይኸው» ብላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። አቅፌ ሳምኳት። መጋረጃውን ስከፍት ግን ሁለቱም መዳፎቿ በምንጣፉ ብናኝ ተሸፍነዋል። በዓይንሽ ነው ወይስ በእጅሽ ነው ያገኘሽው ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። አልጠየቅኋትም። እስካሁንም አልጠየቅኋትም።

እትዬ መስመር ራሷ መጣች። በአውቶቡስ፣ በነጭ በትሯ እየተመራች፣ ምድር ቤት ድረስ። ጆሮን «አንተ ልጅ፣ ሂድና ሻይ ጠጣ፤ ቀስ ብለህ ጠጣ» ብላ አስወጣችው። እኔ ስቱዲዮው ውስጥ ነበርኩ፤ ገብታ በሩን ዘጋችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያ ክፍል በሩ ሲዘጋ ምንም ድምፅ የለውም፤ የራስሽ ደም ሲዘዋወር ነው የምትሰሚው። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። «ተይው፣ ስልክ ሲዘጋብኝ ነው ያረጀሁት» አለችኝ።

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ማዞሪያው ሰሌዳ ላይ ሰው ሲደውል ትንሽ መብራት ትበራ ነበር አለች። ከዳር ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉባት። ግን ጥሪ ሲመጣ ከመብራቷ ሥር ያለችው የብረት ክዳን ጠቅ ትላለችና፣ በድምፁ እየለየች ስትሠራ ማንም ሳያውቅባት ከረመች። «ቀንና ሌሊት ፈራሁ። ፍርሃቱ ከሥራው በላይ አደከመኝ» አለች። እንዴት ታወቀብዎት አልኳት። «አንዱ ባል የውሽማውን ቁጥር ሰጥቶ አገናኚኝ አለኝ። ጠቅታውን ሳትኩና ከገዛ ሚስቱ ጋር አገናኘሁት። የልቡን ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ ነው የነቃው» አለችኝ። ሳልፈልግ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች። ከሳቁ ጋር እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አይዞሽ ትድኛለሽ አላለችኝም። እጄን ያዘችና የጣቶቼን ጫፍ በአውራ ጣቷ እያሻሸች «ለስላሳ ናቸው፤ ይሠራሉ» አለች። ላይኛው ፎቅ ላይ ብሬል ታስተምራለች፤ በጣት የሚነበበውን ጽሑፍ። «ዓይንሽ ጥቂት እያገዘሽ ሳለ ጀምሪ። እኔ ጨርሶ እስኪጨልም ጠብቄ ነው የተማርኩት፤ በሁለት በኩል ከበደኝ» አለችኝ። እኔም ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ሥራዬን ካጣሁ ምኔ ይተርፋል አልኳት። «ማይኩ ዓይንሽን መቼ ጠየቀሽ? ድምፅሽን ነው የጠየቀሽ» አለችኝ።

ጀመርኩ። እማዬ፣ እንደገና አንደኛ ክፍል መግባት ማለት ነው። ነጥቦቹ ከጣቴ ሥር እንደ ፈሰሰ ምስር ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት ጭንቅ ነው። አብሮኝ የሚማረው ጎረምሳ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ፍንዳታ ነው ዓይኑን የወሰደው፤ ከእኔ በፊት አንድ ሙሉ ገጽ አነበበና አጨበጨብንለት። እኔ ቤት ገብቼ በንዴት ራት ሳልበላ ተኛሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ስለማመድ ነው። ከፍቼ ስመለከት የቀረኝ ብርሃን ጠፍቶ ቢጠብቀኝስ እላለሁ። በየጊዜው እየከፈትኩ አያለሁ። እትዬ መስመር ታውቅብኛለች፤ «ሰረቅሽ» ትለኛለች።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ተነስቶ ሳሎን ያሉትን ወንበሮች ሁሉ ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ለኃላፊያችንም ራሴ ነገርኳት፤ ከሰው ከምትሰማ ብዬ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «የያዝሽውን መጽሐፍ ጨርሺ። ቀጥሎ ስላለው ለበላይ ማቅረብ አለብኝ» አለችኝ። በምን መንፈስ እንዳለችው ፊቷን አይቼ ላውቅ ፈልጌ ነበር። ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ ስለተቀመጠች ጥላዋን ብቻ ነው ያየሁት። መልሱ እስካሁን አልመጣም። የስልኩ ደወል በጮኸ ቁጥር መልሱ እሱ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ጆሮ ከሥራ ሰዓት በፊት ገብቶ ስቱዲዮውን ከፈተልኝ። አንዲት ቀጭን የልጆች ተረት በብሬል ይዤ ገባሁ፤ ጫማ ልግዛ ብላ ከቤት ስለወጣች ዳክዬ ነው። መብራቱን አጥፋው አልኩት። በጣቴ አነበብኩት። ሕፃን ልጅ በእንፉቅቅ እንደሚሄድ ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ፣ አንዱን ቃል እየደጋገምኩ። ዳክዬዋ ሱቅ እስክትደርስ እኔ በላብ ተጠመቅሁ። ጆሮ አንዴም «ከላይ እንደገና» አላለኝም። ስጨርስ በማዳመጫው «ትንፋሽሽ ተመለሰ» አለኝ። ለካ በቃሌ እንደምለው እሱም ሰምቶ ነበር። ዝም ያለኝ አውቆ ነው።

ያን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ማጫወቻውም አብሮ አለ። ከከተማ ውጭ ላሉ አድማጮች በፖስታ የሚልክ ክፍል አለን። አንቺን ሳልጠይቅሽ አድማጭ አድርጌ አስመዘገብኩሽ። ተቆጪኝ፤ ቁጣሽን እቀበላለሁ። ማጫወቻው ላይ የሚያስጀምረውን መጫኛ በሙጫ ጠብታ አሻክሬዋለሁ፤ ጣትሽ ወዲያው ያገኘዋል። መብራት አያስፈልገውም። ከዳክዬዋ ቀጥሎ የተናገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። እህቴ ወጣ ስትል፣ ቤቱ ጭር ሲል ብቻሽን ስሚው።

እዚያ ላይ የጠየቅሁሽን ለመመለስ አትቸኩዪ። እኔን ስታረግዢ ታውቂ እንደነበር፣ ፈርተሽ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ዘመን የማንን ክንድ ይዘሽ እንደሄድሽ ነው የጠየቅሁሽ። ቂም የለብኝም። ልጄን ምን እንደምላት ስለማላውቅ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ እንዴት እንዳሳደግሽን ስለማውቅ፣ እኔ ዝም ማለት እንደማልችልም አውቄያለሁ። ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ። ማልቀስም ከሆነ ቀጂው።

እናቴ ሆይ፣ የረገጥሽው ሁሉ ደልዳላ ይሁንልሽ። ደጅሽ ደግ ሰው አይጣ። ዕድሜ ሰጥቶ ይህቺን ልጅ ፊቷን ደግመሽ በመዳፍሽ እንድትይዣት ያብቃሽ፤ አድጋለች፣ አፍንጫዋ ወደ አንቺ ሄዷል። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

የምትወድሽና የምትፈራ ልጅሽ

ለእህቴ፦

ይህችን ለእማዬ አታንብቢላት፤ ለራስሽ ናት። የእሷን ነገር ታውቂ እንደነበር ገብቶኛል፤ ቃል አስገብታሽ ይሆናል፤ አልቀየምኩሽም። ባለፈው የላክሽልኝ ደብዳቤ ግን ከትራሴ ሥር ነው ያለው። መስመሮቹ አንዱ አንዱ ላይ ወጥተዋል፤ መጨረሻው ላይ ጽሑፉ ከወረቀቱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ የቀረ ይመስላል። ያኔ «ምን አስቸኮላት» ብዬ ስቄብሽ ነበር። የልብስ ስፌቱን ሥራም «ሰለቸኝና ተውኩት» ብለሽኛል።

ይህን ሁሉ በወፍራም ጥቁር ብዕር፣ በትልልቅ ፊደል፣ መስመር እየዘለልኩ የጻፍኩት ለራሴ ዓይን ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ። እማዬን ይዘሽ ነይ። ጉዞውን በቀን አድርጊው፤ እኔ አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ እጠራሻለሁ።

እህትሽ